መጀመሪያ ሰፈሩን፣ ከዚያ ቤቱን

አንድ ወዳጄ በሄደበት አገር አፓርታማ ገዛ። ከመግዛቱ በፊት ሁለቴ ሄዶ አይቶታል። ሁለቱም ቀን እሑድ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ረፋድ ላይ። ፀሐይ ሳሎኑ ድረስ ገብታለች፤ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ወለሉ አዲስ ነው፤ ደላላውም ሳቂታ ነው። ቁልፉን ተረክቦ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ "ቲት፣ ቲት፣ ቲት" የሚል ድምፅ ቀሰቀሰው። ከሕንፃው ጀርባ ለካ መጋዘን አለ። የጭነት መኪኖች ጎህ ሳይቀድ ወደ ኋላ እየነዱ ይገባሉ። የሚያርፉት እሑድ ብቻ ነው።

ቤቱ ምንም አልነበረበትም። የሰፈሩ ልጅ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ጉድ ማንም ሳይነግረው ያውቀው ነበር።

አገር ስለ መቀየርና ቤት ስለ መግዛት በተነሳ ቁጥር እኔ የማስበው ይህንን ነው። ባደግንበት ቦታ ሳንማር ያወቅነው ብዙ ነገር አለ። የትኛው መንገድ ዝናብ ሲመጣ እንደሚሞላ፣ የትኛው ጥግ ማታ እንደሚያስፈራ፣ የትኛው ወረቀት ከየትኛው ቢሮ ካልወጣ ዋጋ እንደሌለው እናውቃለን። ወደ ሌላ አገር ስንሄድ ገንዘባችንን ይዘን መሄድ እንችላለን። ይህ እውቀት ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። "የት ልግዛ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሥራው ያንን እውቀት ከዜሮ መልሶ መሰብሰብ ነው። የሚሰበሰበው ደግሞ ከሕጉ፣ ከወረቀቱ፣ ከመሬቱና ከመንገዱ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መግዛት ይፈቀድላችኋል ወይ?

ብዙ ሰው ቤት ፍለጋን የሚጀምረው ከፎቶ ነው። ስልኩን ይዞ ማታ ማታ ወጥ ቤትና በረንዳ ሲያይ ያመሻል። እኔ ብሆን ከሕጉ እጀምራለሁ፤ ሕጉ የአገሩን ካርታ ለሁለት ሊቆርጠው ይችላልና።

ካናዳን እንውሰድ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሰው መኖሪያ ቤት እንዳይገዛ በሕግ ተከልክሏል። መጀመሪያ ለሁለት ዓመት ተብሎ ነበር፤ ኋላ እስከ 2027 መጀመሪያ ተራዘመ። በሥራ ፈቃድ ላሉ አንዳንድ ሰዎች በሩ ትንሽ ገርበብ ብሏል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ክልከላው የሚሠራው በከተሞችና በዙሪያቸው መሆኑ ነው። ከዚያ ክልል ውጭ ባሉ ትንንሽ መንደሮች አይሠራም። እናም አንድ ሰው "ካናዳ ውስጥ ቤት መግዛት እችላለሁ?" ቢላችሁ "የትኛው አድራሻ ላይ?" ብላችሁ መልሳችሁ መጠየቅ አለባችሁ። አውስትራሊያም ከኤፕሪል 2025 ወዲህ፣ ጊዜያዊ ነዋሪዎችን ጨምሮ፣ የውጭ ሰዎች ሰው የኖረበትን ቤት እንዳይገዙ አግዳለች። አዲስ የሚሠራ ቤት ግን በፈቃድ ይቻላል። ይህ ማለት ምርጫችሁ ከመሀል ከተማ ወጥቶ አዳዲስ ግንባታ ወዳለበት ዳር ይገፋል ማለት ነው።

ሜክሲኮ ደግሞ መስመሩን በኪሎ ሜትር ነው ያሰመረችው። ከባሕር ዳርቻ 50፣ ከድንበር 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ የውጭ ሰው ቤት በቀጥታ በስሙ ማስመዝገብ አይችልም። ባንክ በአደራ ይይዝለታል፤ አደራው ለ50 ዓመት ነው፤ ይታደሳል። ከዚያ መስመር ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ግን በራስ ስም ይሆናል። ታይላንድ ውስጥ የውጭ ሰው ኮንዶሚኒየም እንጂ መሬት አይገዛም። እሱም ቢሆን በአንድ ሕንፃ ውስጥ በውጭ ሰዎች ስም ሊያዝ የሚችለው ከጠቅላላው የወለል ስፋት 49 በመቶው ነው። ድርሻው ከሞላ የወደዳችሁት ቤት ባዶውን ቢቀመጥም ለእናንተ አይሸጥም። ሲንጋፖር መከልከሉን ትታ ማስከፈሉን መርጣለች። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የውጭ ዜጋ ቤት ሲገዛ የዋጋውን 60 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ይከፍላል። አዎ፣ 60። እዚህም ላይ ፓስፖርት ይለያያል፤ የአሜሪካና የስዊዘርላንድ ዜጎች በንግድ ስምምነት ምክንያት እንደ አገሩ ሰው ይታያሉ።

ቤትንና የመኖሪያ ፈቃድን ማምታታትም አለ። ይሄኛው ብዙ ሰው ያቃጥላል። ጃፓን ውስጥ የውጭ ሰው መሬትም ቤትም መግዛት ይችላል፤ ነዋሪ ባይሆን እንኳ። ግን ቤቱ የአንድ ቀን ቪዛ አይሰጥም። ስፔን ውስጥ የራሳችሁ ቤት ቢኖራችሁም የመኖሪያ ፈቃድ ከሌላችሁ የሼንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ የቪዛ ክልል) ደንብ በሩ ላይ ቆሞ ይቆጥራል፦ ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ። "ቤት ግዛ፣ መኖሪያ ፈቃድ ውሰድ" የሚለው መንገድ አውሮፓ ውስጥ እየጠበበ ነው። ፖርቱጋል በ2023 ቤት መግዛትን የመኖሪያ ፈቃድ ከሚያሰጡ መንገዶች ዝርዝር አወጣች። ስፔን በኤፕሪል 2025 ዘጋችው። ግሪክ አልዘጋችም፤ ግን በ2024 ተፈላጊ በሆኑ ቦታዎች፣ አቴንስና ሳንቶሪኒን ጨምሮ፣ መነሻውን ወደ 800,000 ዩሮ ሰቀለችው። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ግማሹ ይበቃል። እዚህም ቦታ ነው የሚወስነው። ደላላ የድሮውን ሕግ እያነበበ ሊሸጥላችሁ ይችላልና ቀኑን ጠይቁ።

ሌላው ደግሞ የምትገዙት መሬት ነው ወይስ ዓመት? የሚለው ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ አፓርታማ በአብዛኛው የሚሸጠው በሊዝ ነው። የምትገዙት የቀረውን ዘመን ነው። 125 ዓመት የቀረው ቤትና 72 ዓመት የቀረው ቤት ፎቶአቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ከ80 ዓመት በታች የወረደ ሊዝ ለማስረዘም ውድ ሆኖ ቆይቷል፤ እያጠረ ሲሄድ ባንክም ለማበደር ፊቱን ያዞራል። ሕጉን ለማሻሻል ሥራ ተጀምሯል፤ እስኪያልቅ ግን የቀረውን ዓመት ሳይጠይቁ ቀጠሮ መያዝ ጊዜ ማባከን ነው። ድንበሩን ተሻግራችሁ ስኮትላንድ ስትገቡ አፓርታማ በሙሉ ባለቤትነት ይገዛል። ከለንደን ኤዲንብራ በባቡር የአራት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ዋጋውና ወጪው

ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የቤቱ ዋጋ ነው። ቁልፉ እጃችሁ እስኪገባ የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ነው። ጀርመን ውስጥ ለክልሉ የሚከፈለው የግዢ ግብር ባቫሪያ ላይ 3.5 በመቶ ነው፤ ኖርድራይን-ቬስትፋለን ላይ 6.5። በዚያ ላይ ውል የሚያረጋግጠው ኖታሪ፣ የመሬት መዝገቡ፣ ብዙ ጊዜም የደላላው ድርሻ ይመጣል። ፈረንሳይ ውስጥ ሰው የኖረበት ቤት ሲገዛ ወጪው ከዋጋው ከ7 እስከ 8 በመቶ ይሆናል፤ አዲስ ሲሆን ከ2 እስከ 3። እንግሊዝ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ነዋሪ ያልሆነን ገዢ 2 በመቶ ተጨማሪ ታስከፍላለች። ነዋሪ የሚባለው ከግዢው በፊት በነበሩት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 183 ሌሊት አገሪቱ ውስጥ ያደረ ነው። ግማሽ ዓመት ተከራይቶ መቆየት በራሱ ገንዘብ አዳነ ማለት ነው።

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ቤቱ 200,000 ነው እንበል፤ በየትኛውም አገር ገንዘብ ይሁን። ለመግዛት 10 በመቶ ወጣ፦ 20,000። ስትሸጡት ደግሞ ለደላላና ለወረቀት 5 በመቶ ይወጣል፦ 10,000። በድምሩ 30,000 ቤቱ ውስጥ የለም፤ ሄዷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ብትሸጡት ያ ገንዘብ ለ24 ወር ሲካፈል በወር 1,250 ይሆናል። ይህም ወለዱን፣ ግብሩንና ጥገናውን ሳይጨምር ነው። አሥር ዓመት ብትቆዩበት 250 ይሆናል። ስለዚህ "ኪራይ የሞተ ገንዘብ ነው" ለሚላችሁ ሰው ይህንን ስሌት አሳዩት። እዚያ ከተማ አምስት፣ ስድስት ዓመት እንደምትቆዩ እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ ሥራችሁም ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ከሆነ፣ መከራየት ምንም አያሳፍርም።

የዓመት ግብርም ከቦታ ቦታ ሰማይና ምድር ነው። አሜሪካ ውስጥ ኒው ጀርዚ ላይ በአማካይ በየዓመቱ ከቤቱ ዋጋ 2 በመቶ ገደማ ይከፈላል፤ ሃዋይ ላይ ከግማሽ በመቶ በታች። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለየት ያለ ወጥመድ አላት። በ1978 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀ ሕግ መሠረት ግብሩ የሚሰላው ቤቱ በተገዛበት ዋጋ ላይ ነው፤ በዓመት የሚጨምረውም ቢበዛ 2 በመቶ ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረበት ሻጭ የግብር ደረሰኙን ሲያሳያችሁ ትንሽ ገንዘብ ታያላችሁ፤ "እሰየው" ትላላችሁ። እናንተ ስትገዙ ግን ስሌቱ በአዲሱ ዋጋ እንደገና ይጀምራል። ሻጩ ስንት እንደሚከፍል ብቻ ሳይሆን እናንተ ስንት እንደምትከፍሉ ጠይቁ።

አፓርታማ ከሆነ ደግሞ አንድ የማልተወው ነገር አለ፤ የነዋሪዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ። ቢያንስ የሦስት ዓመት። ፈረንሳይ ውስጥ ሻጩ ይህንን ለገዢ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሌላ አገር ከሆናችሁ ጠይቁ። አሰልቺ ንባብ ነው፤ ቋንቋውም የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ከአስተርጓሚ ጋር ተቀምጦ ማንበብ ግን ያዋጣል። የምትፈልጉት አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፦ "የጣሪያው ጥገና ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።" በዓመቱ ደግሞ "ተላልፏል።" በሦስተኛው ዓመት "ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ መጥቷል፤ ውሳኔ አልተሰጠም።" ሻጩ ለምን አሁን እንደሚሸጥ ገባችሁ አይደል? ሒሳቡ ሲመጣ የሚከፍለው አዲሱ ባለቤት ነው።

የዚህ ነገር ክፉ መጨረሻ ፍሎሪዳ ውስጥ ታይቷል። በጁን 2021 ሰርፍሳይድ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ሌሊት ተደርምሶ 98 ሰው ሞተ። ትልቅ ጥገና ያስፈልገው ነበር፤ ነዋሪዎቹም ስለ ወጪው ሲከራከሩ ዓመታት አልፈዋል። በማግስቱ ዓመት የወጣው የፍሎሪዳ ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ ያረጁ ሕንፃዎች እንዲመረመሩ፣ ለጥገናም ገንዘብ እንዲያስቀምጡ አስገደደ። ትክክል ነው። ግን ያ ማለት የብዙ ሕንፃዎች ወርሃዊ መዋጮ ተሰቀለ ማለትም ነው። በባሕር ዳር ርካሽ አፓርታማ ስታዩ መጀመሪያ የሕንፃውን ዕድሜ ቁጠሩ።

ስለ ብድር ብዙ አልልም፤ ባንክ ለአዲስ ገቢ ሰው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል፤ አገራችሁ ላይ ያካበታችሁት ጥሩ የብድር ታሪክም አብሮ አይሻገርም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ደመወዛችሁ በሌላ ገንዘብ እየተከፈላችሁ በሌላ ገንዘብ አትበደሩ። ከ2008 በፊት ፖላንድና ሃንጋሪ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በስዊስ ፍራንክ ተበደረ። ወለዱ ዝቅ ያለ ነበር፤ ማን ይጠላል? ከዚያ ፍራንኩ መውጣት ጀመረ። በጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ፍራንኩን ከዩሮ ጋር ያሰረበትን ገደብ በድንገት ለቀቀ። ያን ቀን ጠዋት የተነሳ ፖላንዳዊ ባለዕዳ ምንም ሳይበደር ዕዳው ጨመረ። ሃንጋሪ ጥቂት ወራት ቀድማ ብድሮቹ ወደ አገር ገንዘብ እንዲቀየሩ በመወሰኗ ከዚያኛው ዱላ ተረፈች።

ወረቀቱን ማን አየው?

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በምትገዙበት አገር ቀብድ ምን ማለት እንደሆነ እወቁ። ስፔን ውስጥ በተለመደው የቀብድ ውል ገዢ ቢያፈገፍግ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጭ ቢያፈገፍግ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ፈረንሳይ ውስጥ የመጀመሪያውን ውል የፈረመ ገዢ ምክንያት ሳይሰጥ ሐሳቡን የሚቀይርበት 10 ቀን አለው። እንግሊዝ ውስጥ ግን ሻጩ "እሺ" ቢላችሁም የተፈረመ ውል እስክትለዋወጡ ድረስ "እሺ" አይደለም። ሌላ ሰው የተሻለ ዋጋ ይዞ ከመጣ ጥሏችሁ ሊሄድ ይችላል፤ ለምርመራና ለጠበቃ ያወጣችሁትም ይቀልጣል። ይህን ያላወቀ ሰው የድሮ ቤቱን ቀድሞ ይለቅና መሀል ላይ ይቀራል።

የባለቤትነት ወረቀቱን ደግሞ ከመንግሥት መዝገብ ላይ አስወጡ፤ ሻጭ የሚያሳያችሁን ፎቶ ኮፒ ብቻ አትመኑ። ቦታ የወረቀትን ዋጋ እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት ሰሜን ቆጵሮስን ማየት ይበቃል። ባሕሩ ያምራል፤ ቤቱ ርካሽ ነው። ከ1974ቱ ጦርነት የተፈናቀሉ የግሪክ ቆጵሮሳውያን ግን ለብዙው መሬት ሕጋዊ ባለቤት ሆነው ይቆጠራሉ። በ2009 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የቆጵሮስ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ በሌሎች የኅብረቱ አገሮችም ሊፈጸም እንደሚችል ወሰነ። በሌላ አነጋገር ርካሹን ቤት የገዛ ሰው ሌላ አገር ያለ ንብረቱም ሊነካበት ይችላል። ርካሽ ነገር ሲያጋጥም ማን ለምን እንዳልገዛው መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠበቃውንም ራሳችሁ ፈልጉ። ደላላው "የኛ ጠበቃ አለ፣ አትቸገሩ" ሲላችሁ አመስግናችሁ ሌላ ያዙ።

ውሃ ዝናብ አይጠብቅም

በኦክቶበር 29 ቀን 2024 ስፔን ውስጥ ቫሌንሺያ አካባቢ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በጣም ከተጎዱት አንዷ ፓይፖርታ ናት። እዚያ ከተማ ውስጥ ዝናቡ ይህን ያህል አልነበረም። የዘነበው ከላይ ተራራው ላይ ነው። በከተማዋ መሀል የሚያልፈው፣ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚውለው ሸለቆ፣ ባንዴ ሞልቶ መጣ። በበጋ ቤት ሊያይ የሄደ የውጭ ሰው ያንን ሸለቆ ቢያየው "የእግር መንገድ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ይህ እንግዲህ ሻንጣ ውስጥ የማይገባው እውቀት ነው። ደግነቱ ዛሬ ከፊሉ በነፃ ይገኛል። እንግሊዝም አሜሪካም የጎርፍ ካርታ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አለ፤ አድራሻውን መጻፍ ነው። ጃፓን ውስጥ ከኦገስት 2020 ጀምሮ ሻጭ ደላላ ቤቱ በጎርፍ ስጋት ካርታው ላይ የት እንደሚውል ለገዢ የማስረዳት ግዴታ አለበት። እዚያው ጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ደንቡ በጁን 1981 ስለተጠናከረ ሰው ስለ ቤት ሲያወራ "ከ81 በፊት ነው ከ81 በኋላ?" ይላል። ይህችን አንድ ጥያቄ የማያውቅ እንግዳ በርካሽ ያገኘው ቤት ለምን እንደረከሰ አይገባውም።

እኔ የምወደው ዘዴ ግን ሌላ ነው። ቤቱን ከወደዳችሁት፣ ምንም ሳትፈርሙ፣ ለዚያ አድራሻ የቤት ኢንሹራንስ ዋጋ ጠይቁ። ሁለት ሦስት ቦታ። ኢንሹራንስ ኩባንያ ደላላ የሚደብቀውን በቁጥር ይናገራል። ዋጋው ከሁለት መንገድ ማዶ ካለው ቤት እጥፍ ከሆነ አንድ ነገር ያውቃሉ ማለት ነው። ጭራሽ "አንሸጥም" ካሉ ደግሞ መልሱን አግኝታችኋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2023 ትልልቅ ኩባንያዎች በሰደድ እሳት ስጋትና በግንባታ ዋጋ ምክንያት አዲስ የቤት ኢንሹራንስ መሸጥ አቁመዋል። ኢንሹራንስ የሌለው ቤት ደግሞ ባንክ ብድር አይሰጥበትም፤ ነገ እናንተም የምትሸጡለት ሰው አታገኙም።

ዝርዝሩንም አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ ለብቻ ይገዛል፤ የመንግሥቱ ፕሮግራም ሥራ ላይ እስኪውል በአብዛኛው 30 ቀን ይቆያል። እንግሊዝ ውስጥ በጎርፍ ቦታ ያሉ ቤቶች በተመጣጣኝ ዋጋ ኢንሹራንስ እንዲያገኙ በ2016 የተጀመረ ሥርዓት አለ። ግን ከ2009 ወዲህ የተሠሩ ቤቶችን አይጨምርም። ሐሳቡ ገንቢዎች ጎርፍ ሜዳ ላይ እንዳይሠሩ ነበር። ስለዚህ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቤት ከአሮጌው ጎረቤቱ የባሰ ችግር ውስጥ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሁሌ የተሻለ የሚመስለን ሰዎች ይህችን ልብ እንበል።

ማክሰኞ ማታ

አሁን ወደ ሰፈሩ እንሂድ። በእግር።

ማክሰኞ ማታ ሂዱ። ማክሰኞ ምንም የሌለበት ቀን ስለሆነ ነው። ከሥራ እንደምትመለሱ ሆናችሁ በምትጠቀሙበት አውቶቡስ ወይም ባቡር ሂዱ። ከፌርማታው እስከ በሩ ሁለት ከባድ ፌስታል ይዛችሁ ተራመዱ። ደላላው "አምስት ደቂቃ" ያለው ዳገት ነው? መብራት አለው? ፌርማታው ላይ የተለጠፈውን ሰዓት አንብቡ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው? እሑድስ ይሠራል? ሕንፃው በር ላይ ስትደርሱ የፖስታ ሳጥኖቹን እዩ። ስም በስም ላይ ተለጥፎ፣ ተልጦ፣ እንደገና ተለጥፎ ከሆነ ሰው እዚያ አይቆይም። ሊፍቱ ውስጥ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቡ። "እባካችሁ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ..." ብሎ ከጀመረ ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ምን እንደሚያጣላቸው ይነግራችኋል።

ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አድርጉ። ይቅርታ ጠይቃችሁ፣ ግን አድርጉት። ሌላው ግድግዳ የደበዘዘ ቀለም ሆኖ አንዷ ጥግ ብቻ ትኩስ ቀለም የምትሸት ከሆነ ከሥሯ እርጥበት ሊኖር ይችላል። ፀሐይ በየት እንደምትገባም ጠይቁ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ቤት የብርዱን ወራት ሙሉ ፀሐይ አያይም። አውስትራሊያ ሲሆን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰሜን የሚያየው ነው የሚወደደው። ስቶክሆልም ላይ በዲሴምበር ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ብርሃን አለው። በጁላይ ያያችሁት በረንዳ በዲሴምበር የት እንዳለ አታውቁትም።

ልጆች ካሉ ትምህርት ቤቱ ቤቱን ይመርጥላችኋል። እንግሊዝ ውስጥ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሲበዛባቸው የሚቀበሉት በርቀት ነው፤ ርቀቱ ደግሞ በየዓመቱ እንደ አመልካቹ ብዛት ይሰፋል፣ ይጠባል። አምና የገባ ጎረቤት ስላለ ዘንድሮ እናንተ ትገባላችሁ ማለት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ራሱ ጋ ደውላችሁ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የመጨረሻው ተማሪ ከምን ያህል ርቀት እንደገባ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መስመሩ ካርታ ላይ ተሰምሯል፤ መንገድ ማዶ ያለው ቤት በሌላ የትምህርት ቤት ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውም ያንን ያውቃል።

የአገር ልጅ በብዛት ያለበት ሰፈር ልግዛ ወይስ አልግዛ የሚለውም ሁሌ ይነሳል። የእኔ አስተያየት፦ መጀመሪያ እዚያ ተከራዩ፤ መግዛቱን ግን ቀስ በሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሐኪም የሚጠቁም፣ ፎርም የሚሞላ፣ የትኛው ባንክ እንደሚያስቸግር የሚነግር ሰው ከወርቅ ይበልጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ የምትፈልጉት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋው ሲገባችሁ ከተማው ይሰፋል። ለማንኛውም ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ አንድ ሙሉ ዓመት ተከራይታችሁ ብርዱንም ሙቀቱንም እዚያው እዩት። ዋጋ እየጨመረ ቢያመልጣችሁስ? ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ያመልጣል። ዓይን ጨፍኖ ገዝቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መሸጥ ግን ምን እንደሚያስከፍል ከላይ በእስክሪብቶ አይተናል።

ወዳጄ ያንን አፓርታማ በስተመጨረሻ ሸጠው፤ ከሰረ። ከዚያ ሁለት ፌርማታ ራቅ ብሎ ተከራየ፤ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቆየ። ሁለተኛውን ቤት ከመግዛቱ በፊት፣ ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ መስኮቱን ከፍቶ አንድ ሰዓት አዳመጠ። አንድ ውሻ ጮኸ አለኝ። ከዚያ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ አለፈ። ጠዋት ደላላው ጋ ደወለ።